ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ሸዋ፦ ጥያቄና መልስ

ጡረታ የወጡ፣ ወይም ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንባቢዎች ከአዲስ አበባና ከሌላም ቦታ ጓዛቸውን ወደ ሰሜን ሸዋ ስለሚያጓጉዙበት መንገድ ጠይቀውናል። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዋጋ በብር አልጻፍንም፤ ነዳጅ በተነካ ቁጥር ይለወጣል። እንዴት እንደሚሰላ ግን ጽፈናል።

ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለቅቄ ደብረ ብርሃን ልገባ ነው። አንዱ ሙሉ አይሱዙ ተከራይ ይለኛል፤ ሌላው ባዶ ተመላሽ መኪና ፈልግ ይላል፤ ልጄ ደግሞ ከሰው ጋር ተካፍለህ ጫን ትላለች። የቱ ያዋጣኛል?

ደላላ ጋ ከመደወልዎ በፊት ሜትር ይያዙ። የቤት ዕቃ መኪናን የሚሞላው በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። የባለ ሁለት መኝታ ቤት ዕቃ ሃያ ኩንታል ገደማ ቢመዝን ነው፤ ለኤንፒአር አይሱዙ ይህ ቀላል ጭነት ነው፤ ካሶኒው (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ግን ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ትልቅ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ያባዙ። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ (2 ሜትር በ0.9 በ0.9) 1.6 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን 1.8፣ መካከለኛ ፍሪጅ 0.8 ገደማ። ድምሩ ላይ ሩቡን ይጨምሩ፤ በዕቃ መካከል ባክኖ የሚቀር ቦታ ነው። የኤንፒአር ካሶኒ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ወደ 4 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ወደ 2 ሜትር ነው፤ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ሲጫን 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። ካሶኒ ግን ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ሄደው ይለኩት። ድምርዎ ከ18 ካለፈ ተለቅ ያለውን አይሱዙ፣ ኤፍኤስአርን፣ መያዝ ወይም ዕቃ መቀነስ ነው። እኛ መቀነሱን እንመርጣለን።

አሁን ወደ ምርጫው። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ ጠዋት የጫነ መኪና ከሰዓት በኋላ ያራግፋል። ለዚህ ርቀት፣ ዕቃዎ ከካሶኒው ከግማሽ በላይ ከሞላ፣ ሙሉ መኪና ይከራዩ። ሰዓቱ የእርስዎ ነው፤ መኪናው ከበር እስከ በር ይሄዳል፤ የሌላ ሰው ዕቃም አይደባለቅም።

ባዶ ተመላሽ በእርግጥ ይረክሳል። ከመንዝና ከደብረ ብርሃን አካባቢ በግና ገብስ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሾ ጭነው የገቡ መኪኖች ሲመለሱ ነዳጃቸውን የሚሸፍን ማንኛውንም ነገር ይጭናሉ። በተለይ በበዓል ሰሞን በግ አራግፎ የሚመለሰው ብዙ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰዓቱ የሹፌሩ ነው፤ ሌሊት አራግፎ እስከ ረፋድ ካልጫነ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዕቃዎ ታሽጎ ምድር ቤት ወርዶ መጠበቅ አለበት። የበግ መኪና ወለል ሽንትና በጠጥ የጠጣ ነው፤ የሽንኩርቱም የበሰበሰ ውኃ ይይዛል። ታጥቦ ካልደረቀ ሽታው ፍራሽና ሶፋ ውስጥ ገብቶ ወራት ይቆያል። ማጠቢያውን ራስዎ ከፍለውም ቢሆን ያሳጥቡት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ፣ በላዩም ሸራ ያንጥፉ። ሦስተኛው ነገር፣ ተመላሽ መኪና ዋናው አስፋልት ላይ ማውረድ ይወዳል። «እስከ ግቢዬ በር» የሚለውን አስቀድመው ካልተስማሙ፣ ከአስፋልት እስከ ቤትዎ ያለውን ለጋሪና ለባጃጅ እንደገና ይከፍላሉ።

ተካፍሎ መጫን የሚያዋጣው ዕቃዎ ከካሶኒው ሲሶ በታች ከሆነ ብቻ ነው። ያኔም መጨረሻ የሚወርደው ሰው መጀመሪያ ይጭናል፤ የእያንዳንዱ ሰው ዕቃ በተለያየ ቀለም ሲባጎ ይታሰራል፤ በመካከሉም ሸራ ይጋረዳል።

ዋጋውን በጉዞ ይዋዋሉ፤ በኩንታል አይሁን። የጫኝና አውራጅ፣ የደላላና የኬላ ክፍያ፣ መኪናው ካደረም የማደሪያው በማን ላይ እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን ዕቃው ከወረደ በኋላ ይክፈሉ። መኪናው ኮድ 3 (የንግድ ታርጋ) መሆኑን ይዩ፤ የታርጋውን፣ የሊብሬውንና የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሥተው ለልጅዎ ይላኩላት። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የእርስዎን ዕቃ አይሸፍንም፤ ውድ ነገር ካለዎት ለጉዞው ለብቻው የሚገባ የጭነት ዋስትና አለ።

የትኛውን ዕቃ ይዤ ልሂድ፣ የትኛውን ልሽጥ? ቁም ሳጥኔ፣ ቡፌዬና ሶፋዬ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል።

የመኪናውን ዋጋ ለካሶኒው ሜትር ኩብ ያካፍሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ ስንት እንደሚያስከፍልዎ ይወጣል። ከላይ በጠቀስነው ኤንፒአር ያ ሶፋ ብቻውን የኪራዩን አሥራ አንደኛ እጅ ይበላል። ከዚያ «ይህ ዕቃ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ብለው ይጠይቁ። መሸጫው ከማጓጓዣው ካልበለጠ፣ ያለ ርኅራኄ ይሽጡት ወይም ለዘመድ ይስጡት።

ቁም ሳጥኑን በሚመለከት እንጨቱን ይዩ። የዋንዛ ወይም የዝግባ ከሆነ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ሌላ ሃያ ዓመት ያገለግላል። ቺፕውድ ከሆነ ግን ብሎኑ ሲፈታ ቀዳዳው ይፈረፈራል፤ ሁለተኛ ሲገጠም አይይዝም፤ ዝናብ ከነካው ደግሞ ጠርዙ አብጦ ይቀራል። የግድ የሚሄድ ከሆነ ሳይፈታ፣ ቆሞ፣ በሮቹ በጨርቅ ታስረው፣ መስታወቱ ወጥቶ ይጫን። የአልጋውን ብሎኖች በከረጢት አድርገው ከራስጌው ጋር ይሰሩ፤ «ኪሴ ውስጥ ነው» የተባለ ብሎን አልጋው ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

ከሚያዝኑለት ሶፋ ይልቅ ባዶ ሮቶ (የውኃ ታንከር) ይዘው ቢሄዱ ይጠቅምዎታል። ቦታ ቢይዝም ውስጡ በላስቲክ የታሰረ ልብስና ትራስ ይሞላበታል፤ በውኃ ፈረቃ ጊዜም ይክስዎታል።

ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሸዋ ሮቢት ድረስ በምን ሁኔታ ይሄዳሉ?

ፍሪጁን ከጉዞው አንድ ቀን ቀድመው ያጥፉት፤ በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡ ይድረቅ፣ መደርደሪያዎቹ ይውጡ፣ በሩ በገመድ ይታሰር (ማጣበቂያ ፕላስተር ቀለሙን ይልጣል)። ቆሞ ይጫን። ከተኛ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳል፤ ወዲያው ቢለኮስ ኮምፕሬሰሩ ዘይት አጥሮት ይቃጠላል። ቆሞ የሄደ ፍሪጅ ሦስት አራት ሰዓት ይረፍ፤ ተኝቶ የሄደ ቢያንስ 24 ሰዓት። ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ሲገዛ ከበሮውን የሚያስሩ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች ከኋላው ነበሩት፤ ካሉዎት መልሰው ይግጠሟቸው። ከጠፉ ከበሮው እንዳይወዛወዝ በብርድ ልብስ ያጭቁት፤ ፍጹም ባይሆንም ይረዳል።

መንገዱ ራሱ ጭነቱን ይፈትናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጋቢናው ይገፋል። ስለዚህ ከባዱ ሁሉ ከመጀመሪያው ጋቢናው ሥር፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ፣ ማሽን፣ የመጽሐፍ ካርቶን። ፍራሽ በመካከል ይግባ፤ ቀላሉ ከላይና ከኋላ ይሁን። ገመዱ በመስቀል ይታሰር። አዲስ ገመድ መኪናው ጥቂት ከተንገጫገጨ በኋላ ይላላልና ሰንዳፋ ላይ ቁሙና እንደገና አጥብቁት፤ ከጣርማ በር ቁልቁለት በፊትም እንዲሁ። ሹፌሩ ቁልቁለቱን በማርሽ እንዲወርድ ንገሩት፤ ፍሬን ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ይግላል። የጣርማ በር ጉም ጠዋትና ማታ ስለሚከብድ እኩለ ቀን ላይ ማለፉ ይመረጣል።

ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ፍሪጁ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ሙቀት አለና ኮምፕሬሰሩ መተንፈሻ ይፈልጋል። አጎበር ደግሞ ከላይ በሚወርደው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ የወባ አገር ነው፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ካርቶን እየቀደዱ እንዳይፈልጉት።

የኤሌክትሪክ ምጣዴ እንዳይሰበር ምን ላድርግ? የምገባበት ቤት የድሮ ነው።

የምጣዱ ሽቦ በሸክላው የታች ገጽ ቦይ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ሸክላው ከተሰነጠቀ ሁለቱም ሄዱ። አብዛኛው ምጣድ የሚሰነጠቀው ከላይ ተመትቶ አይደለም፤ ከታች እየነጠረ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ሥሩ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ጋቢ ተነጥፎ፣ አክንባሎውና ሸክላው መካከል ጨርቅ ገብቶ፣ ዙሪያውን ታስሮ ይሂድ። በላዩ ምንም አይጫን።

ቤቱ የድሮ መሆኑ ነው የሚያሳስበን። ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 እስከ 18 አምፔር ነው። የድሮ ቤት ሶኬት ባለ 2.5 ሚሊ ሽቦ ወይም ከዚያ የቀጠነ ነው፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። ከቆጣሪው በቀጥታ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፣ ርቀቱ ከረዘመ ባለ 6፣ ለብቻው 25 አምፔር ብሬከርና መሬት ሽቦ ያስዘርጉ። ይህ ሥራ ከጓዙ መድረስ ቀድሞ ይለቅ። ምጣዱና ቦይለሩ አንድ ላይ አይሥሩ።

ዕቃዬ ያለው ሐዋሳ ነው፤ የምገባው መሐል ሜዳ። አዲስ አበባ ላይ መኪና ብቀይር ይሻላል?

ያረክስልዎት ይመስላል፤ ግን አያረክስም። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪና ሲቀየር ሁለት ጊዜ ጫኝ፣ ሁለት ጊዜ አውራጅ፣ ሁለት ደላላ ይከፍላሉ፤ ብርጭቆም ቁም ሳጥንም ከጉዞው ይልቅ በአብዛኛው የሚሰበረው በመጫንና በማውረድ ነው። አንድ መኪና እስከ መጨረሻው ይያዙ፣ ሁለት ቀን ይመድቡ። ማደሪያው ደብረ ብርሃን ቢሆን ጥሩ ነው፤ መኪናው ጥበቃ ባለው ግቢ ይደር፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይሁን። በማግሥቱ ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ይገባል። የመንገዱን ደህንነት በዋዜማው መሐል ሜዳ ላሉ ዘመዶችና ለሹፌሮች ደውለው ያረጋግጡ፤ ተዘግቶ ከሆነ ኪራዩን ማዘግየት ደብረ ብርሃን ላይ ከነጭነት ከመቆም ይቀላል።

ሌላው፣ ከሐዋሳ አየር ነው የሚመጡት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። የጣሪያ ማራገቢያውን ይሽጡና በገንዘቡ ወፍራም ብርድ ልብስ ይግዙ። ፍሪጁም በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እምብዛም ስለማይነሣ ፍሪዘሩ ይቀልጥብዎ ይሆናል፤ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሞቅ ወዳለው ክፍል ያዛውሩት።

ወደ ዓለም ከተማ ነው የምሄደው። ትልቅ መኪና ይዤ በአንዴ ልጨርስ?

ከሙከ ጡሪ በለሚ ታልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወረደውና የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። አጠር ያለ ኤንፒአር፣ ከፍታው ከጋቢናው ጣሪያ ብዙ ያላለፈ ጭነት ይዞ ይሻላል፤ ከፍ ብሎ የተከመረ ሶፋና ፍራሽ ኩርባ ላይ መኪናውን ያጋድለዋል። ወደ ለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ባዶውን የሚሄድ መኪና ርካሽ ሆኖ ካገኙ ሁለት ነገር ያስቡ፦ ፋብሪካው ዘንድ ያበቃል፤ ካሶኒው ላይ የቀረው የሲሚንቶ ብናኝም ከሶፋ ጨርቅ አይወጣም፣ እርጥበት ካገኘ ይጋግራል።

ሰኔ 30 ጡረታዬ ይፀናል። በክረምቱ ልግባ?

ኪራይ ቤት ካልሆነ የሚለቁት፣ እስከ ጥቅምት ይቆዩ። ቺፕውድና ፍራሽ ዝናብን አይችሉም፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድም ጭቃ ነው። ግድ ከሆነ ሁለት ሸራ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከዕቃው በታች፣ አንዱ ከላይ፤ የላይኛው ከጋቢናው ወደ ኋላ ተደርቦ ይውረድ፣ ካለዚያ ነፋሱ ከፊት ገብቶ ይገልበዋል።

ሰፈሬ ያሉት ጫኝና አውራጆች የጠሩት ዋጋ ከመኪናው ኪራይ ሊበልጥ ነው።

መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ አይደራደሩ፤ ያኔ የሚቸኩሉት እርስዎ ነዎት። ሦስት ቀን ቀድመው ዕቃውን አሳይተው፣ ፎቁን ቆጥረው፣ አጠቃላይ ዋጋ ይቁረጡ። ካርቶኑንና ማዳበሪያውን ቤተሰብ ቢያወርደው የሚቀረው አምስት ስድስት ከባድ ዕቃ ብቻ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ለጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ስላለም የመጫኛውን ሰዓት ሹፌሩን ሳይጠይቁ አይወስኑ።

ምን ዓይነት ወረቀት ያስፈልጋል?

ከወረዳዎ የነዋሪነት መሸኛ ይውሰዱ፤ ያለ እርሱ አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ማውጣት ይቸገራሉ። የዕቃውን ዝርዝር በሦስት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱ ከሹፌሩ፣ አንዱ ከእርስዎ፣ አንዱ ከተቀባዩ ጋር ይሁን። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የመሳሰሉት ከነመለያ ቁጥራቸው ይስፈሩ፤ ኬላ ላይ «የንግድ ዕቃ ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄም መልስ ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ካለ የመውጫ ወረቀቱን በሥራ ቀን ያስጽፉ፤ እሑድ ማኅተም የያዘ ሰው አይገኝም።

ያለኝ ሁለት ሻንጣ፣ ፍራሽና የመጽሐፍ ካርቶን ነው።

መኪና አይከራዩ። በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ይሄዳል፤ ፍራሹን ጠቅልለው በፕላስቲክ ያሽጉ፣ መጽሐፉን ከ40 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ካርቶን ይከፋፍሉ። ያ ካርቶን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ከዚያ የተለቀ ሥሩ ይቀደዳል።

የጋዝ ሲሊንደርስ?

ባዶውን ቢወስዱ ይመረጣል። ጋዝ ካለው ቫልቩን ዘግተው፣ ሬጉላተሩን ፈትተው፣ አቁመው፣ ክፍት ካሶኒ ላይ ከኋላ ይሰሩት። ጋቢና ውስጥ ወይም ተሳፋሪ ባለበት ሚኒባስ በፍጹም አይሆንም። ሲገጥሙት መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ጎማው ይቀየራል።