ፋሻው ከመቀየሩ በፊት፦ ጠዋት ጠዋት ለሚንቀጠቀጥ ሞተር ሳይክል

ሰላም ወንድሜ። ባለ 150 ሲሲ ሞተርህ ጠዋት በመከራ ተነሥቶ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ቾኩን (ለማስነሣት ነዳጁን የሚያበዛውን) ስትመልሰው እንደሚጠፋ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ እንደሚሠራ ጽፈሃል። ጋራዡ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች) መቀየር አለበት ስላለህም ልትስማማ መሆኑን ጨምረሃል። እባክህ እስከ ነገ ጠዋት ታገሥ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ፣ በዚሁ ምልክትና በዚሁ ምክር ሞተሬን አስከፍቼ 8,400 ብር ከፍያለሁ፤ ችግሩ ግን ከነጭራሹ በሞተሩ ሆድ ውስጥ አልነበረም።

አንደኛ፣ ሞተርህን አሙቀህ ወደ ጋራዥ አትውሰድ። እኔ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ቤቴ በታቦር በኩል ነው፤ ለሥራ በየቀኑ ወደ ቱላ ስለምሄድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞተሬ ተነሥቶ መጠበቅ አለበት። ጋራዦች የሚከፍቱት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ እኔ እዚያ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ፣ ድምፁ ተስተካክሎ፣ የምናገረው ሁሉ ውሸት መስሎ ይታይ ነበር። መካኒኩ አንድ ጊዜ ነዳጅ ሰጥቶ አዳመጠና ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እንኳ ሳያወጣ «ፋሻ ጨርሷል» አለኝ። እዚሁ ይደርና ጠዋት በብርዱ እዩት ብዬ ስለምነው፣ በረዳቶቹ ፊት «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ መለሰልኝ። አፈርኩና ተስማማሁ። ያንን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የጠየቅሁት ነገር ትክክል ነበር።

ፒስተንና ፋሻ ተቀይሮ በሦስተኛው ቀን ሞተሩን ተረከብኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው መጥፋት። ተመልሼ ስሄድ «አዲስ ፋሻ እስኪላመድ ነው፣ 1,000 ኪሎ ሜትር በዝግታ ንዳው» ተባልኩ። አዲስ ፋሻ መላመድ እንደሚፈልግ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቀየሩ በፊት የነበረ ምልክት ሳይለወጥ ከቀጠለ፣ የተቀየረው ዕቃ የችግሩ ምክንያት እንዳልነበረ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ለሳምንታት በቀርፋፋ ፍጥነት እየነዳሁ፣ ሰው እያስጠበቅሁ፣ ያችን 1,000 ኪሎ ሜትር ጨረስኩ።

ምክንያቱን ያገኘሁት በነሐሴ አንድ እሑድ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ በራሴ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ልብስ ስትተኩስ የምትጠቀምበትን የውሃ መርጫ ወሰድኩ። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቼ፣ ቾኩን በግማሽ ይዤ፣ ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን) ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) በሚያገናኘው ጥቁር ጎማ ዙሪያ ውሃውን በስሱ ረጨሁ። ከታች በኩል ስረጭ የሞተሩ ድምፅ በቅጽበት ተለወጠ። ፈትቼ ጎማውን ሳጥፈው፣ ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው ዕቃ በሥሩ የጥፍር ያህል ተሰንጥቋል። አዲሱ ጎማ 380 ብር ነበር፤ ለመግጠም ካቻቢቴና ግማሽ ሰዓት በቂ ሆኑልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስንት ጊዜ መምታት እንዳለብኝ አስቤ አላውቅም።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ቤንዚን በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ በመግቢያው ቱቦና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ከወትሮው የበዛ ነዳጅ ይፈልጋል፤ የቾክ ሥራም ይኸው ነው። በስንጥቁ ተጨማሪ አየር ከገባ ቀድሞውኑ የሳሳው (ነዳጅ ያነሰው) ድብልቅ ይብሱን ይሳሳል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ነዳጁ በሚገባ ስለሚተን ያችን ትንሽ ጉድለት ይሸከማታል። ጎማውም በብርድ ደርቆ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ያንተም ሞተር ቾክ ሲያዝለት የሚሠራው፣ ሲመለስበት የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ጎማው ጤነኛ ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ እለፍ። መጀመሪያ ከሥሩ ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትተህ ቤንዚኑን በብርጭቆ ተቀበል፤ ይህን ስታደርግ ከከሰል ምድጃና ከማንኛውም እሳት ራቅ። ውሃ ካለበት ከቤንዚኑ በታች ተንጠባጥቦ ይታያል። ማደያው ሰልፍ በሚሆንበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ከገዛህ ይህን ሳታይ አትለፍ። ቀጥሎ በሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ጊዜ ነዳጅ የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ አውጥተህ በብርሃን ተመልከት፤ ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ ስለሆነች ትንሽ ዝቃጭ ይዘጋታል። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በአየር አስነፋት እንጂ በሽቦ አትጎርጉራት። የኔን ቀዳዳ አንድ ልጅ በሽቦ ጎርጉሮ ስላሰፋት ካንዴላዬ በጥቀርሻ እየጠቆረ ሌላ ለመግዛት ተገድጃለሁ። ያኔም አንድ መለዋወጫ ሻጭ፣ ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያስፈልግሃል ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው፦ ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ፋሻ ፈጽሞ አያልቅም ማለቴ አይደለም። ያለቀ ፋሻ ግን ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ከሞቀም በኋላ ጉልበት ያሳጣል፤ አንተ ከእነዚህ አንዱንም አልጻፍክም። ጥርጣሬ ካለህ ካንዴላውን አውጥተህ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር፤ ካንዴላውን መልሰህ የእግር ማስነሻውን በቀስታ ርገጥ። ከበፊቱ ይልቅ በግልጽ ከከበደህ ፋሻው ሊሆን ይችላል፤ እንደላላ ከቀረ ቫልቩን (አየር የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን በር) ጠርጥር። የቫልቭ ክፍተትም የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሲያድር ነውና፣ ነድተህ ወስደህ እዚያው ወዲያው ልለካልህ የሚልህን መካኒክ አትፍቀድለት።

ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት የውሃ መርጫውን አዘጋጅ። ውሃው ወደ ካንዴላው ገመድ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ፤ የጎማውን ሥር ሳትረሳ ዙሪያውን ሁሉ እርጭ። ድምፁ ካልተለወጠ ካንዴላውን አውጣና የጫፉን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ፤ ነጣ ያለ፣ ቡናማ ወይስ ጥቁር መሆኑን አይቼ ቀጣዩን እነግርሃለሁ። ለጋራዡም እስከዚያ ቀብድ አትስጥ።