መልስ፦ የቶዮታ ሃይሉክስ 3.0 ዲ-4ዲ (ናፍጣ) ጉልበት ማጣትና ኢንተርኩለር
ወንድሜ፣ መኪናህ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ስላበዛ ትልቅ ኢንተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን የታመቀ አየር የሚያቀዘቅዘውን) ልግዛ ላልከው፣ ገንዘብህን አታውጣ፤ መጀመሪያ አየር የሚያፈስበትን ፈልግ። ከተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ከሚገፋው) እስከ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው) ያሉትን የጎማ ቱቦዎች ዳብስ። መጋጠሚያው ላይ ዘይትና አቧራ ከተለጠፈ እሱን ጠርጥር። ሞተሩን አጥፍተህ፣ የተርቦውን መግቢያ ደፍነህ ግፊቱ ከ1 ባር ያነሰ አየር ስጥና የሳሙና ውሃ ቀባ፤ አረፋ የሚያወጣውን ቱቦ ቀይር ወይም ማሰሪያውን አጥብቅ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ስፖንጁን ነው። የዚህ መኪና ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ ስለሆነ፣ ከኮፈኑ አየር መግቢያ ጋር የሚያጋጥመው ስፖንጅ ከተበላ ቀዝቃዛው አየር በጎን ያመልጣል። የአየር ፊልትሮውንም (ማጣሪያውን) እይ። የኢንተርኩለሩን ውስጥ በላምባ ካጠብክ ጨርሶ ሳይደርቅ አትግጠመው፤ የቀረው ፈሳሽ እንደ ነዳጅ ተስቦ ሞተሩን ከቁጥጥር ውጭ ሊያስጮኸው ይችላል።