ድሬ ላለው ሕፃን ብር ስትልኩ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ያለች እህታችሁ በሰባት ወሯ ወልዳለች እንበል። ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ቆይቶ በሰላም ወጣ። አሁን ግን ዓመት አልፎት አይቀመጥም፤ እግሮቹም ይቆላለፋሉ። ሐኪሙ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ብሏታል፤ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ማለት ነው። እናንተ ከውጭ ሆናችሁ «ስንት ልላክ?» እያላችሁ ነው። በእህቴ ልጅ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከብሩ በፊት ደውሉላትና ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ንገሯት። ሰፈሩ ብዙ ይላታል፤ ከባድ ዕቃ አንስታ ነው፣ ዓይን ነው፣ እርግማን ነው። እውነቱ ሌላ ነው። በተለይ ከ32 ሳምንት በፊት የሚወለድ ሕፃን የአንጎሉ የደም ሥሮች ገና ስስ ናቸው። ደም ሊፈስ ይችላል፤ ወይም ደምና ኦክስጅን ሲያንስ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ መስመሮች ይጎዳሉ። ያለጊዜያቸው የተወለዱት ልጆች ብዙ ጊዜ ከእጃቸው ይልቅ እግራቸው ግትር የሚለው ለዚህ ነው። የአንጎሉ ጉዳት እየሰፋ አይሄድም። ጡንቻው ግን ካልተሠራበት እያጠረ ይሄዳል።

ችግሩ የአጥንት ስላልሆነ ወጌሻ እግሩን በኃይል እንዳይስበው አደራ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም። ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ለአንድ ቀንም አያቋርጥ። በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ወደ ብሩ። ድሬዳዋ የቼሻየር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ሐረር ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ብዙ እናቶች ክትትሉን የሚያቋርጡት ቦታው ጠፍቷቸው አይደለም። በግንቦት ሙቀት ግትር ያለ ልጅ ታቅፎ ከገንደ ቆሬ መውጣት ቀላል አይደለም፤ የባጃጅ ብርም የለም፤ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያይም የለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብዙ ከመላክ በየወሩ ትንሽ ላኩ፣ ለባጃጅና ልጆቹን ለምታይላት ሰው ብላችሁ። በአንዴ የተላከውን ሠርግና ለቅሶ ሲበላው አይቻለሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው፣ ልጁን የሚያገኘው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ትልቁ ጥቅሙ እናቲቱን ማስተማሩ ነው፤ እንዴት እንደምትይዘው፣ ሲበላ እንዴት እንደምታስቀምጠው፣ ስታጥበውና ስታለብሰው እግሩን እንዴት ቀስ ብላ እንደምታፍታታ። አስፈቅዳ በስልኳ ትቅረጸው፣ አባትየውም አያትየውም ይዩት።

አቦ፣ እባካችሁ ያንን ሕፃኑ መሐል ገብቶ የሚገፋውን ባለጎማ መራመጃ አትላኩ። ልጁን በጣቱ ጫፍ እንዲገፋ ያስለምደዋል፣ ይገለብጠዋልም። የአዋቂ ዊልቸርም ለሕፃን አይሆንም፤ ውስጡ ተጣጥፎ ይቀመጥና ጀርባው ይጎብጣል። መጀመሪያ ባለሙያው ይለካው፤ የዳሌው ስፋት፣ ከመቀመጫው እስከ ጉልበቱ ጀርባ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ። ጀጎል ውስጥ የሚኖር ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ መሆናቸው ያስቸግራል፤ በድንጋይ ንጣፉ መሐል ይሰነቀራሉ። እግሩን የሚደግፍ ፕላስቲክ ከተሠራለት ደግሞ እግሩን ከነፕላስቲኩ የሚያስገባ፣ ሰፊና እስከ ጣቱ ድረስ የሚከፈት ጫማ ላኩለት። የእኛ እህት ገበያ ዞራ ያጣችው ይህንኑ ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ ጠይቁልኝ። ዳሌው ራጅ ታይቷል? ይህ ችግር ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ የአንዱ ያህል ዳሌ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንም ላያም ይችላል። ዓይኑና ጆሮውስ? ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ሁለቱም መመርመር አለባቸው። ሳያይ ወይም ሳይሰማ ቀርቶ «አይገባውም» የሚባል ልጅ አለ። መናገር ስላቃተው ብቻ አእምሮው ደክሟል አትበሉ። ግማሽ ያህሎቹ የአእምሮ ዕድገት ችግር የለባቸውም፤ ትምህርት ቤትም መግባት አለባቸው።

እህታችሁ እንደገና ካረገዘች ክትትሉን ቶሎ ትጀምር፣ ያለፈውንም በመጀመሪያው ቀን ትናገር። ምጥ ያለጊዜው ከመጣ ቤት አትቆይ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ትሂድ። ከመውለዷ በፊት ከደረሰች የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ፣ አንጎሉን የሚከላከል ማግኒዚየም ሰልፌትም ሊሰጣት ይችላል። የዚያን ሌሊት የመኪና ብር ከወዲሁ እጇ ላይ ይኑር።