የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውጭ አገር እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ከደመወዙ ስንቱ እጅ ይገባል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበረው የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያልተጣራ ደመወዜ 15,000 ብር ነው። ሰሞኑን ሁለት የሥራ ዕድል ቀርቦልኛል፤ አንዱ ታይላንድ ውስጥ በወር 35,000 ባት፣ ሌላው ሻርጃ ውስጥ በወር 6,000 ድርሃም የሚከፍል ነው። ጓደኞቼ ሁለቱንም ወደ ብር እየመነዘሩ «ምን ትጠብቃለህ?» ይሉኛል። እኔ ግን ግብሩም ሌላውም ከተቀነሰ በኋላ እጄ የሚገባውን ገንዘብ ሳላውቅ መፈረም አልፈለግሁም። እንዴት አድርጌ ልገምት?

መልስ፦ ከመፈረምዎ በፊት ይህን መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በቅድሚያ የምንመክርዎ የብሩን ምንዛሪ ለጊዜው ወደ ጎን እንዲተዉት ነው። የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና ትራንስፖርቱን የሚከፍሉት በባት ወይም በድርሃም ስለሆነ፣ ወደ ብር መመንዘር ያለበት ከዚህ ሁሉ ወጪ ተርፎ ለቤተሰብ የሚላከው ወይም የሚጠራቀመው ገንዘብ ብቻ ነው። ሙሉውን ደመወዝ በብር አባዝቶ ማየት ውሳኔዎን ያዛባዋል።

ከሚያውቁት ስሌት እንነሳ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት፣ ደመወዝዎን በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 ብር ሲቀንሱ ግብሩ 3,200 ብር ይመጣል። በዚህ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 1,050 ብር ሲጨመር፣ እጅዎ የሚገባው 10,750 ብር ይሆናል። ሁለቱም የሚሰሉት በወር ደመወዝዎ ላይ በመሆኑ ፔይሮሉ ከወር እስከ ወር አንድ ዓይነት ነው። ታይላንድ ግን ግብሩ የሚሰላው በዓመት ገቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ የወሩን ቁጥር ብቻ ይዞ ግብሩን ማወቅ አይቻልም፤ በዓመት ውስጥ ስንት ወር እንደሚከፈልዎት መታወቅ አለበት።

ዓመቱን ሙሉ የሚከፈልዎት ከሆነ፣ 35,000 ባት በ12 ወር 420,000 ባት ይሆናል። የታይላንድ ሕግ ለተቀጣሪ ከገቢው ግማሹን፣ ነገር ግን ከ100,000 ባት ያልበለጠውን፣ እንደ ወጪ ቆጥሮ ይቀንስለታል፤ ለራሱም 60,000 ባት ይታሰብለታል። የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮው 5 በመቶ ቢሆንም ጣሪያ ስላለው ለብዙ ዓመታት በወር ከ750 ባት በልጦ አያውቅም ነበር። ጣሪያው ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ስለተወሰነ የወቅቱን መጠን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ፤ ለግምት ያህል ግን በ750 እንሥራው። በዓመት 9,000 ባት ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ 251,000 ባት ይቀራል። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው 150,000 ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 300,000 ያለው 5 በመቶ ይከፈልበታል። ስለዚህ የዓመቱ ግብርዎ የ101,000 ባት 5 በመቶ፣ ማለትም 5,050 ባት ብቻ ነው። ግብሩና መዋጮው ተቀንሰው በወር በአማካይ 33,829 ባት ያህል እጅዎ ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከደመወዝዎ ከሩብ በላይ የሚቀነስብዎ ሰው በመሆንዎ ይህ ቀላል ሊመስልዎ ይችላል፤ በእርግጥም ግብሩ ቀላል ነው።

ከባዱ ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። የታይላንድ የትምህርት ዘመን በግንቦት አጋማሽ ተከፍቶ በመጋቢት ስለሚዘጋ፣ በተለይ በአስቀጣሪ ኤጀንሲ በኩል የሚፈረሙ ብዙ ውሎች የ10 ወር ናቸው፤ በረጅሙ የእረፍት ጊዜ ደመወዝ የለም። ያው 35,000 ባት በ10 ወር ሲታሰብ የዓመቱ ገቢ 350,000 ይሆናል። መዋጮው 7,500፣ ግብሩ ደግሞ 1,625 ባት ብቻ ነው። ግብሩ መቀነሱ ግን አያስደስትም፤ ምክንያቱም በዓመት የሚቀርዎት 340,875 ባት ለ12 ወር ሲካፈል በወር 28,406 ባት ነው። የሁለቱ ውሎች ልዩነት በዓመት 65,075 ባት መሆኑን ሲያዩ፣ ከግብሩ ይልቅ የወሩ ብዛት የቱን ያህል እንደሚበልጥ ይገነዘባሉ። ኪራዩ በእረፍቱም ወራት ስለማይቆም፣ በጀትዎን መሥራት ያለብዎት በ28,406 እንጂ በ35,000 አይደለም። በተጨማሪም እዚያ ቤት ሲከራዩ የሁለት ወር ማስያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ መክፈል የተለመደ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ከመድረሱ በፊት የሦስት ወር ኪራይ በእጅዎ ሊኖር ይገባል።

ወደ ሻርጃው እንሂድ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይጥሉም፤ ለሥራ አጥነት መድን የሚቆረጠውም መሠረታዊ ደመወዛቸው ከ16,000 ድርሃም ላልበለጠ ሠራተኞች በወር 5 ድርሃም ብቻ ነው። ስለዚህ 6,000 ያህሉ እንዳለ እጅዎ ይገባል። ጥያቄው 6,000ው በምን በምን ተከፋፍሎ እንደተጻፈ ነው። የስንብት ክፍያ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ዓመት ለሞላ ሠራተኛ እስከ አምስተኛው ዓመት ድረስ በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ነው። ውሉ መሠረታዊውን 3,000 አድርጎ ቀሪውን የቤትና የትራንስፖርት አበል ካለው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያገኙት 4,200 ድርሃም ይሆናል። መሠረታዊው 4,500 ቢሆን ኖሮ 6,300 ያገኙ ነበር። በየወሩ እጅዎ የሚገባው በሁለቱም ያው ስለሆነ ልዩነቱ የሚታየው በስንብቱ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመደራደር ዘግይቷል። ቤቱን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጥ ከሆነ ከአበል ይልቅ ቤቱን እንዲቀበሉ እንመክራለን፤ ኪራይ በዓመት በጥቂት ቼኮች አስቀድሞ የሚከፈልበት አገር ስለሆነ አዲስ መጪ ይቸገራል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስብዎ። ደላላ ወይም ቀጣሪ «ለቪዛና ለቅጥር ያወጣነውን ከደመወዝህ በየወሩ እንቆርጣለን» ቢልዎት አይቀበሉት፤ የኤምሬቶች የሥራ ሕግ የቅጥር ወጪ ከሠራተኛ እንዳይወሰድ ይከለክላል።

ምንዛሪውን በተመለከተ፣ የድሬዳዋ ሰው በጅቡቲ ፍራንክ የሚያውቀው ነገር እዚህም ይሠራል። ድርሃም እንደ ጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ተቆርጦ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። ባት ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ የሚዋዥቅ በመሆኑ፣ በየወሩ ለቤተሰብ የሚልኩትን ሲያቅዱ ትንሽ መጠባበቂያ ይተዉ።

ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ከመፈረምዎ በፊት ይህን በጽሑፍ ይላኩላቸው፦ «በአንድ ዓመት ውስጥ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለስንት ወር ነው? ከመሠረታዊው ደመወዝ ተለይቶ እያንዳንዱ አበል ስንት ነው? አሁን በሥራ ላይ ያለ፣ የእኔን ያህል ደመወዝ ያለው መምህር ፔይሮል ስሙ ተሰርዞ ሊላክልኝ ይችላል?» የመጨረሻውን ጥያቄ በቅንነት የሚመልስ ትምህርት ቤት ከሌሎቹ የበለጠ እምነት ይጣልበታል። የእኛን አስተያየት ከፈለጉ፣ የታይላንዱ ውል የ10 ወር ከሆነና ሻርጃ ቤት ከሰጠ፣ ሻርጃን እንመርጥ ነበር።

ጥያቄ፦ የሐረር ነዋሪ ነኝ። ሳዑዲ ዐረቢያ በሚገኝ ትምህርት ቤት በወር 7,500 ሪያል ሊከፈለኝ ነው። «ግብር የለም» ተብያለሁ። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ብሄድ ይበቃናል?

መልስ፦ በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አለመኖሩ እውነት ነው፤ ከውጭ አገር ሠራተኛ ደመወዝም የጡረታ መዋጮ አይቆረጥም። ነገር ግን ቤተሰብ ይዞ የሚገባ የውጭ አገር ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል ለመንግሥት ይከፍላል። ለሦስቱ ቤተሰቦችዎ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ሪያል ይሆናል። ይህ በፔይሮሉ ላይ ስለማይታይ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ የሚከፈለውም አስቀድሞ ከመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ጋር በመሆኑ ሳይዘጋጁበት ሲመጣ ያስደነግጣል። ስለዚህ ደመወዝዎን 7,500 ሳይሆን 6,300 ብለው ይያዙት፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ መሆኑንም በወጪዎ ውስጥ ያስገቡ። የልጆች ትምህርት ክፍያ ከዚህ ሁሉ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ክፍያውንና የቤተሰቡን የ400 ሪያል ግዴታ ትምህርት ቤቱ ይሸፍን እንደሆነ በውሉ ላይ ያስጽፉ። ካልሸፈነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዎን ሄደው ቤተሰቡን በኋላ ቢወስዱ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ መለያየቱ ከባድ መሆኑን ሳንዘነጋ ነው።

የስንብቱን ክፍያ በሚመለከት፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር ደመወዝ ነው። በራስዎ ፈቃድ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከለቀቁ ምንም አያገኙም፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ከለቀቁ ሲሶው ብቻ ይሰጥዎታል። ለምሳሌ ሦስት ዓመት ሠርተው ቢለቁ 11,250 መሆን የነበረበት 3,750 ሪያል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ጃፓን ውስጥ በቋንቋ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ደመወዟ ሳይነካ በሁለተኛ ዓመቷ የሚደርሳት ገንዘብ ቀነሰ። አሠሪው እያታለላት ይሆን? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ከጻፉልን ስንነሳ ማታለል አይመስልም። ጃፓን ውስጥ ከገቢ ግብሩ ሌላ የነዋሪነት ግብር አለ፤ መጠኑም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ያህል ነው። የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ሲሆን፣ ጥር 1 ቀን እ.ኤ.አ. በአገሩ የነበረ ሰው ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። አዲስ መጪ እዚያ ያለፈ ዓመት ገቢ ስለሌለው በመጀመሪያው ጊዜ አይነካውም። ጃፓንን የሚያስብ አንባቢ ሁሉ በጀቱን በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ቢሠራ ይጠቅመዋል። ሥራ ለቅቆ የሚወጣ ሰውም ይህ ግብር ተከትሎት እንደሚመጣ ይወቅ።

ለአክስትዎ ልጅ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። በየወሩ ለጡረታ የሚቆረጥባት 9.15 በመቶ ነው፤ አሠሪዋም ያንኑ ያህል ይከፍላል። ቢያንስ ስድስት ወር ከከፈለች፣ ከጃፓን ጠቅልላ በወጣች በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ አመልክታ የተወሰነውን ማስመለስ ትችላለች፤ የሚታሰበውም እስከ አምስት ዓመት ላለው መዋጮ ነው። ከሚመለሰው ላይ 20.42 በመቶ ግብር ይያዛል፤ ይህም ግብር እንዲመለስላት፣ ጃፓን ውስጥ የግብር ወኪል ወክላ ከወጣች በኋላ መጠየቅ ይቻላል። ወኪሉን ከመውጣቷ በፊት ትሰይም፤ የጡረታ ቁጥሯ ያለበትን ሰነድ፣ የመጨረሻዎቹን ፔይሮሎችና የባንክ ሒሳቧን ማስረጃ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ትምጣ።