ከካሜራው በፊት ፖስታውን ያንብቡ

ውድ ጠያቂያችን፣ በአንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ የ6 ሳምንት የአርቲስት ሬዚደንሲ (በተቋሙ ተቀምጦ የመሥራት) ዕድል እንዳገኙ ገልጸው፣ የትኛውን ካሜራና ምን ያህል ፊልም ይዘው ቢሄዱ እንደሚሻል፣ እንዲሁም የድሮ ፎቶግራፎችን መልሶ ከማንሳት ያለፈ ሥራ እንዴት ሊወጣዎት እንደሚችል ጠይቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ቆይታ ስለነበረኝ፣ የመጀመሪያውን ባጭሩ፣ ሁለተኛውን ግን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ካሜራ እጅዎ የለመደውን ይዘው ይሂዱ፤ ፊልሙም አንድ ዓይነት ቢሆን ይበቃል። ኬሚካል ወደ መዛግብቱ ሕንፃ ማስገባት ብዙውን ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ፊልም የሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል የት እንደሆነና ውኃውን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማቆየት የሚቻል መሆኑን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ።

የእኔ ስሕተት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 30 ጥቅል ፊልም መጨረሴ ነበር። መደርደሪያውን፣ የተደራረቡትን ሣጥኖች፣ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ሁሉ በ35 ሚሊሜትር ካሜራዬ አነሣሁ። ፊልሞቹ ታጥበው ሲደርቁ እንከን አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን በየትኛውም አሮጌ ክፍል ውስጥ ሊነሡ የሚችሉ ነበሩ። ቤተ መዛግብቱን እንደ መልክ እንጂ እንደ ንባብ አልቀረብሁትም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የመዛግብት ባለሙያዋ እያንዳንዳቸው በወረቀት ፖስታ የተቀመጡ የመስታወት ኔጋቲቮች (ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ የሚታይባቸው፣ ፎቶግራፍ የሚታተምባቸው መስታወቶች) ያሉበትን ሣጥን አወጡልኝ። አንዱ ፖስታ ጥግ ላይ በእርሳስ «ተንቀሳቅሷል፤ አይታተም» የሚል ተጽፎ ነበር። መስታወቱን ጠርዙን ብቻ ይዤ ከሥር በሚበራው ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው፣ አምስት ሰዎች ቆመው ይታያሉ፤ የአራቱ ፊት ጥርት ብሏል፣ የትንሹ ልጅ ፊት ግን በአውራ ጣት እንደተፈገፈገ ጥላሸት ወደ ጎን ተስቧል። በመስታወቱ ዳር ዳር፣ ሥዕሉን የሠራው የብር ማዕድን ከያዘው ስስ የጄላቲን ሽፋን ወደ ላይ በመውጣቱ የሚፈጠረው ሰማያዊ መሰል የብረት ነጸብራቅ ነበረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ እ.ኤ.አ. በ1871 ሐሳቡን ያቀረበበት የጄላቲን ደረቅ መስታወት ከቀደመው እርጥብ ኮሎዲዮን (መስታወቱ ተቀብቶ ሳይደርቅ ከሚነሣበት ዘዴ) ይልቅ እያደር እጅግ ፈጣን ቢሆንም፣ ብርሃኑ ደካማ በሆነ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሕፃን ራሱን ለማዞር የሚበቃው ጊዜ ይተርፈው ነበር።

ሥራዬ የተጀመረው ከዚያ ፖስታ ነው። በመዝገቡ ላይ «የተጣለ» የሚል መፈለጊያ ስላልነበረ፣ ከባለሙያዋ ጋር ፖስታ በፖስታ እያገላበጥን እንዲህ ያለ ማስታወሻ ያለባቸውን 41 ኔጋቲቮች ለየን። የእርሻ ዋስትና አስተዳደር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሮይ ስትራይከርም በ1930ዎቹ ያልመረጣቸውን ኔጋቲቮች በመብሻ ይበሳቸው ነበር፤ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት እነዚህ ኔጋቲቮች ሲታተሙ፣ ብርሃን በቀዳዳው ስለሚያልፍ በሥዕሉ ላይ ድፍን ጥቁር ክብ ይወጣል። ቤተ መዛግብት ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን በሥዕሉ ላይ የተሰጠውን ፍርድም ያኖራል፤ እኔን የሳበኝ ፍርዱ ነበር። ስለዚህ የድሮዎቹን መስታወቶች መልሼ ከማንሳት ይልቅ፣ እስከዚያ ድረስ ከቦርሳው ያልወጣውን በጥቅል ሳይሆን በነጠላ ሉህ ፊልም የሚሠራውን የ4 በ5 ኢንች ካሜራዬን ተክዬ፣ ፈቃደኛ ቤተሰቦችን በ2 ሰከንድ ኤክስፖዠር (ፊልሙ ለብርሃን በሚጋለጥበት ጊዜ) አነሣሁ፤ «አትንቀሳቀሱ» የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አላወጣሁም።

ጥንቃቄን በሚመለከት፣ ዋናውን ኔጋቲቭ ለኮንታክት ፕሪንት (ኔጋቲቩን በቀጥታ ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ ለማተም) አይጠቀሙበት፤ ቅጂውን በካሜራ ያለ ፍላሽ ያንሡና ከቅጂው ያትሙ። ሳይታሰብ ከሣጥን ውስጥ የቢጫነትና የመጣበቅ ምልክት ያለው አሮጌ ፊልም ቢያገኙ፣ ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል የድሮ ፊልም ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩ ለባለሙያው ያስታውቁ፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ያለ አየርም መንደዱን ይቀጥላል። የኮምጣጤ ሽታ ካለው ደግሞ እየበሰበሰ ያለ አሲቴት የሚባል ሌላ የፊልም ዓይነት ነው። ጨለማ ክፍል ካልተገኘ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 የፈለሰፈው ሳያኖታይፕ የተባለ ሰማያዊ ሥዕል የሚሰጥ የኅትመት ዘዴ በፀሐይ ብርሃን ታትሞ በውኃ ብቻ ስለሚታጠብ ከችግር ያወጣዎታል። የሥዕሎቹን የማሳያ ፈቃድ በጽሑፍ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ፤ እኔ ዘግይቼ በመጠየቄ ሁለት ሥራዎቼ ከግድግዳው ቀርተዋል።

የፊልሙን ብዛት ለጠየቁኝ፣ ኋላ ለዕይታ የበቃው ሥራ በሙሉ የወጣው በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ካነሣኋቸው 24 ሉህ ፊልሞች ነው። ቀዳሚዎቹ 30 ጥቅሎች እስካሁን ሳይታተሙ ፖስታቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጥጉ ላይ እኔም በእርሳስ ጽፌባቸዋለሁ።