መልስ፦ ኡሜሹ በተራ ሳኬ ይሠራል?

ወንድሜ፣ ጃፓን ሆነህ ኡሜሹን፣ ማለትም ፕለም ከሚመስለው ከኮምጣጣው የኡሜ ፍሬ የሚዘፈዘፈውን መጠጥ፣ ልትሠራ አስበህ «ኡሜውን በተራ ሳኬ ብዘፈዝፈውስ?» ላልከው፣ ተው እልሃለሁ። ሳኬ፣ የጃፓኑ የሩዝ መጠጥ፣ አልኮሉ 15 በመቶ አካባቢ ነው። የፍሬው ውሃ ሲጨመርበት ይቀጥንና እንደ ጠላ መፍላት ሊጀምር ይችላል። የአገሩ ሕግም ቤት ውስጥ ለሚዘፈዘፍ ከ20 በመቶ በታች የሆነ መጠጥ አይፈቅድም። 35 በመቶ አልኮል ያለውን ነጭ ሾቹ፣ የጃፓኑን አረቄ፣ ግዛ። ለ1 ኪሎ አረንጓዴ ኡሜ 1.8 ሊትር ይበቃል። ስኳሩ ድንጋይ ድንጋይ የሚመስለው ይሁን፣ ከ500 እስከ 800 ግራም። ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ የፍሬውን ጣዕም በደንብ ያወጣዋል።

ዋናው ግን ፍሬው ላይ ነው። እጠባቸው፣ እምብርታቸው ላይ ያለችውን ጥቁር ቅንጣት በስቴኪኒ ፈልቅቃት፣ ከዚያ አንድ በአንድ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃቸው። ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳይቀር! እኔ ይቺን ሥራ በጣም ነው የምወዳት፣ ቤቱ ሁሉ ኡሜ ኡሜ ይሸታል። ቢያንስ ስድስት ወር ታገሠው። ዓመት ከሞላው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።