የሚያስከስሰው የኢሜይሉ አለመፈለግ ሳይሆን ውሸቱ ነው

ጤና ይስጥልኝ። የኬንት ነዋሪ የሆኑት ወንድማችን የጠየቁት ይህንን ነው፦ «አንሰብስክራይብ (ማቋረጫ) የሚለውን ደጋግሜ ብጫንም በቀን ከሠላሳ የማያንስ የንግድ ማስታወቂያ ኢሜይሌን ያጨናንቀዋል። እስራኤል ያለችው እህቴ እዚያ ሰው ከስሶ ካሳ ያገኛል ትለኛለች፤ እዚህ ዋሽንግተን ስቴትም ለአንድ ኢሜይል 500 ዶላር ይከፈላል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይ?» ከእኔ በፊት ከመለሱት አንዱ «ማጣሪያውን አጥብቀው ይርሱት» ሲሉ፣ ሌላው «ሁሉንም ይክሰሱ» ብለዋል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን የአንድ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮን ኢሜይል ለዘጠኝ ዓመት ሳስተዳድር ስለቆየሁና ራሴም አንድ ጊዜ ከስሼ ስለማውቅ፣ ሁለቱም ምክሮች የት ላይ እንደሚያስቱ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የ500 ዶላሩ ወሬ መሠረት አለው። ዋሽንግተን በ1998 ባወጣው የንግድ ኢሜይል ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ላኪው ኢሜይሉ ከየት እንደተነሣ ከደበቀ፣ የሌላውን ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም) ያለ ፈቃድ ከተጠቀመ ወይም በርዕሱ ላይ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ነገር ከጻፈ፣ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ኢሜይል 500 ዶላር ወይም የደረሰበትን ትክክለኛ ጉዳት፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን መጠየቅ ይችላል። ልብ ይበሉ፤ ኢሜይሉ አለመፈለጉ ብቻውን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በዚህ ሕግ በስቴቱ ከተከሰሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጄሰን ሄከል የተባለ የኦሪገን ነዋሪ ሲሆን፣ በሳምንት ከ100,000 እስከ 1,000,000 ኢሜይል እየላከ በ39.95 ዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ ያስተዋውቅ ነበር። ርዕሱ ግን ስለ መጽሐፉ ምንም ሳይተነፍስ፣ የድሮ ወዳጅ የጻፈው እስኪመስል ድረስ «ትክክለኛውን የኢሜይል አድራሻ አግኝቻለሁ?» የሚል ነበር። አንድ ስቴት በስቴቶች መካከል በሚደረግ ንግድ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም መጫን አይችልም የሚል ክርክር ቢቀርብም፣ የዋሽንግተን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2001 ሕጉ የሚጠይቀው እውነት መናገርን ብቻ ስለሆነ ይህ በንግድ ላይ እንደ ሸክም አይቆጠርም ሲል ሕጉን አጸናው።

ነገሩን ያጠበበው ከዚያ በኋላ የመጣው የፌዴራሉ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2003 ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መላክን የሚከለክልና ለአንድ ኢሜይል እስከ 1,000 ዶላር የሚያስጠይቅ ሕግ አጽድቃ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ኮንግረስ ካን-ስፓም የተባለውን ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ በዲሴምበር 16 ቀን 2003 ፈረሙበት፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ጸና። ይህ ሕግ ነጋዴው ማንነቱን ካልደበቀ፣ የፖስታ አድራሻውን ከጻፈ፣ የማቋረጫ መንገድ ካኖረና «በቃኝ» ያለውን ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ ካወጣ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲልክ ይፈቅድለታል። የስቴት ሕጎችንም ሐሰትንና ማታለልን ከሚከለክሉት ክፍሎቻቸው በቀር ሽሯቸዋል፤ የካሊፎርኒያው የፈቃድ ግዴታም ሳይጀመር የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን፣ ይህን ሕግ የሚጥሰውን መክሰስ የሚችሉት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ የየስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች መሆናቸው ነው። በየማለዳው ኢሜይሉን እያጸዳ የሚውለው ተቀባይ የመክሰስ መብት አልተሰጠውም።

ለተቀባዩ የቀረለት እንግዲህ ውሸትን የሚከለክለው የስቴቱ ሕግ ነው፤ በእሱ የከሰስኩበት የእኔ ጉዳይ ይህንን በደንብ ያሳያል። ለቢሮው ማተሚያ አንድ ጊዜ ቀለም የገዛንበት ድርጅት፣ ከአራት ዓመት በኋላ በግል ኢሜይሌ ማስታወቂያ ያዘንብብኝ ጀመር። በ2022 ወደ አነስተኛ ክርክሮች ችሎት ስሄድ አሥራ አንድ ኢሜይል አትሜ ያዝኩ። አምስቱ ርዕሳቸው «መልስ፦ ያልተከፈለ ደረሰኝዎ» የሚል ሆኖ ሲከፈቱ የቀለም ማስታወቂያ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሳየው ዕዳ ያለብን መስሎኝ ግማሽ ቀን የሒሳብ መዝገብ ሳገላብጥ ውያለሁ። ሦስቱ «ዛሬ ብቻ ግማሽ ዋጋ» ይላሉ፤ ቅናሹ ግን ሳምንቱን ሙሉ ነበረ። የቀሩት ሦስቱ የቀለም ዋጋ በግልጽ የጻፉ ናቸው። ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁኝ «እንዲያቆሙ የነገሯቸው መቼ ነው?» ብለው ነበር፤ ቀኑን በማስታወሻ ስላልያዝኩ መልስ አልነበረኝም። ቀጥለው የድርጅቱን ተወካይ «ይህ ደረሰኝ የታለ?» አሉት፤ እሱም ዝም አለ። ለአምስቱ 2,500 ዶላር ፈረዱልኝ። «ዛሬ ብቻ» የሚሉትን፣ ማስታወቂያ መሆናቸውን ስላልደበቁ አይሸፈኑም አሉ፤ ሦስቱን ደግሞ ውሸት የለባቸውም ብለው ለዩአቸው። ገንዘቡ እጄ የገባው ከሰባት ወር በኋላ ነው።

«ሁሉንም ይክሰሱ» ያሉት ወንድም የጄምስ ጎርደንን ጉዳይ ቢያውቁት መልካም ነው። ጎርደን እዚሁ ዋሽንግተን የራሱን ዶሜይን ከፍቶ፣ አይፈለጌ መልዕክት ሆን ብሎ እየሰበሰበ በላኪዎቹ ላይ ብዙ ክስ ይመሠርት የነበረ ሰው ነው። የፌዴራሉ ዘጠነኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 ቨርቹሙንዶ ከተባለው የኢሜይል ማስታወቂያ ድርጅት ጋር በነበረው ክርክር፣ ካን-ስፓም ሊጠብቀው ያሰበው እውነተኛ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ አይደለህም፣ የሚታይ ጉዳትም አልደረሰብህም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገበት። ቀድሞም በሥር ፍርድ ቤት ከ110,000 ዶላር በላይ የተከሳሹን የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ተወስኖበታል። በሰውየው ላይ የተወሰነው ልክ ነው እላለሁ፤ ክስን መተዳደሪያ ማድረግ የእውነተኛ ተጎጂዎችንም ስም ያጎድፋል። ነገር ግን የኢሜይል ነጋዴዎች ይህን አንድ ሰው እያነሡ «ተቀባይ ሁሉ የመክሰስ መብት ቢሰጠው ይኸው ነው» ሲሉ አልስማማም። ጎርደን ያንን ሁሉ ጊዜ ያጠፋው ሕጉ ለተራው ሰው በር ስለዘጋ በጓሮ ለመግባት ሲሞክር ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠም ነገር አለ። የዋሽንግተን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ኦልድ ኔቪ በተባለው የልብስ ቸርቻሪ ላይ በቀረበ ክርክር፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሕጉ የሚከለክለው ማስታወቂያነትን የሚደብቅ ርዕስን ብቻ ሳይሆን በርዕሱ ላይ የሚጻፍን ማንኛውንም ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ ነው ሲል ወሰነ። «ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» ብሎ ነገ መቀጠል በዚህ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። የእኔ ሦስት ኢሜይሎች ዛሬ ቢቀርቡ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። ከውሳኔው በኋላ በቸርቻሪዎች ላይ ብዙ የጅምላ ክሶች ተከፍተዋል፤ ድርጅቶቹም ማንም ያልተጎዳበትን ነገር በ500 ዶላር ማባዛት ከልክ ያለፈ ነው ይላሉ። ክርክራቸውን ከናካቴው ባልንቀውም፣ እውነተኛውን የመዝጊያ ቀን በርዕሱ ላይ መጻፍ ለማንም የሚከብድ አይመስለኝም።

እህትዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። እስራኤል በ2008 በሥራ ላይ ባዋለችው የኮሙኒኬሽን ሕግ ማሻሻያ፣ ያለ ፈቃድ ለተላከ አንድ ማስታወቂያ ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልግ እስከ 1,000 ሰቅል ሊፈረድ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2002 ጀምሮ መነሻው ፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። የአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። እኔ እስር ከማስፈራራት ይልቅ የእስራኤሉን መንገድ እመርጣለሁ፤ አነስተኛ ካሳ፣ አነስተኛ ችሎት፣ ከሳሹም ራሱ ተቀባዩ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ ሠላሳዎቹን በሦስት ይክፈሏቸው። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ይህን ያህል ይላኩ» የሚለው ዓይነት ማጭበርበር ከሆነ አይክፈቱት፣ አንሰብስክራይብም አይጫኑ፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲቪ የደረሳቸውን በኢሜይል አያሳውቅም፤ እነዚህን ክሱም አያገኛቸውም። አድራሻቸው የታወቀ እውነተኛ ነጋዴዎች ከሆኑ ያቋረጡበትን ቀን በማስታወሻ ይያዙና ከ10 የሥራ ቀናት በኋላ የሚልኩትን ለስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ያመልክቱ። ርዕሳቸው ውሸት የሆኑትን ግን አይሰርዙ፤ ወደ ሌላ አድራሻ ከማስተላለፍ ይልቅ ዋናውን ኢሜይል ከነሙሉ የጉዞ መዝገቡ (ከየት ተነሥቶ በየት እንዳለፈ ከሚያሳየው፣ ሄደር ከሚባለው ክፍል ጋር) ያስቀምጡት፣ ማስታወቂያው የሚወስድበትን ገጽም በዚያው ቀን ፎቶ ያንሡ። በስቴታችን አነስተኛ ክርክሮች ችሎት ግለሰብ እስከ 10,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል፤ ያለ ዳኛው ፈቃድ ጠበቃ ስለማይቀርብም ድርጅቱ በጠበቃ ብዛት አይበልጥዎትም። ከርዕሶቹ መካከል የሚያጠራጥርዎት ካለ የግል መረጃዎን ሸፍነው እዚሁ ያስቀምጡት፤ አብረን እናየዋለን።